ስለ ሃሎዊን ዱባ፤ ከመፈልፈል ወደ መቀባት

በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በጥቅምት 21 ቀን ገደማ፥ ማለት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በኦክቶበር 31 ቀን ማታ፥ ሃሎዊን የሚባለው በዓል ሲከበር በየቤቱ ደጃፍ ዱባ ይቀመጣል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ዱባው ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ቀርቦ ለሚመረምረው ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውስጡ ተፈልፍሎ፥ ዐይንና አፍንጫ አፍም በቢላዋ ተበስቶለት፥ በሆዱ ሻማ የሚበራበት ነው። ሁለተኛው እንደ ተቈረጠ ሙሉውን ተቀምጦ አስፈሪው ፊት በቀለም የተሣለበት ነው። ይህ ሁለተኛው የሕፃናት መጫወቻ ወይም የሰነፍ ሰው መላ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ ይናቃል። ነገር ግን አንድ ልማድ መሣሪያውን በሚለውጥበት ጊዜ ምን እንደሚያጣና ምን እንደሚያተርፍ ለመመርመር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ቢላዋው በብሩሽ ሲተካ የተለወጠው የእጅ ሥራው ብቻ አይደለምና፤ ዕቃው ራሱ ፋኖስ መሆኑ ቀርቶ ፊት ብቻ ሆኗል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ልማዱ ከመነሻው የብርሃን ልማድ ነበረ። በአየርላንድና በስኮትላንድ የገጠር ሰዎች ለፋኖስነት የሚፈለፍሉት ዱባን ሳይሆን ተርኒፕ የሚባለውን፥ የጎመን ወገን የሆነውን ድቡልቡል ሥር ነበረ። ጊዜውም የመከሩ ሥራ ተፈጽሞ፥ ከብቱ ከግጦሽ ተመልሶ፥ ሌሊቱ የሚረዝምበት ወራት መግቢያ ሲሆን፥ በአየርላንድ ቋንቋ ሳዊን ይባላል። የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የቅዱሳንን ሁሉ በዓል በኖቬምበር 1 ቀን ስታከብር ቈይታለች፤ ሃሎዊን የሚለው ስምም የዚህ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። ሳዊን ጥንት የሙታን በዓል ነበረ፥ ፋኖሱም መናፍስትን ለማባረር የተሠራ ነው የሚለው ቃል በብዙ መጻሕፍት እንደ ተረጋገጠ ነገር ይነገራል። ዳሩ ግን የታሪክ ሊቁ ሮናልድ ሀተን በ1996 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፥ በዓሉ ከክርስትና በፊት የሙታን በዓል ለመሆኑ የሚያስረዳ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። በሕዝቡ ዘንድ የሚታወሰው ከዚህ ይልቅ ተራ ነገር ነው፤ ልጆችና ጐረምሶች ፋኖሱን በአጥር ላይ ወይም በመስኮት አጠገብ እያስቀመጡ የመንደሩን ሰው ያስደነግጡበት ነበር። እንግዲህ ፍርሀቱ ጨዋታ ነው፤ የጨዋታውም ባለቤቶች ወጣቶቹ ነበሩ። ዱባው በብሩሽ እጅ የወደቀበት ምክንያት ወደ ፊት ሲመረመር ይህ ነገር መታወስ አለበት።

ከእነዚህ ፋኖሶች እጅግ የታወቀው በዶኔጋል አውራጃ ፊንታውን ከተባለች መንደር የመጣው ነው። በ1943 ለሙዚየም ሲሰጥ በዚያ አገር እንዲህ ያለ ፋኖስ የሚሠራ ሰው አልነበረም፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ይሠራ እንደ ነበረ ግን ይታወስ ነበር። ሥሩ እየደረቀና እየፈረሰ ስለ ሄደ ቅርጹ በጀሶ ተቀዳ፤ ዛሬ በሜዮ አውራጃ ባለው የአየርላንድ የገጠር ኑሮ ሙዚየም ለሕዝብ የሚታየው ይኸው ቅጅ ነው። ዐይኖቹ የጐደጐዱ፥ ጥርሶቹ የተገጠጡ ሆኖ፥ የደረቀ የሰው ራስ ይመስላል። በሆዱ ሻማ የለም፤ ተመልካቹም የሚያየው በሙዚየም አዳራሽ ውስጥ በቀን ነው፤ ቢሆንም ያስደነግጣል። ያለ ሻማው ዱባ ዋጋ የለውም የሚሉ ሰዎች ይህን የጀሶ ፊት ቢያዩ ቃላቸውን ጥቂት ማለዘባቸው አይቀርም።

ደግሞም በዚያች ሌሊት ሥዕልና ቀለም ከጥንቱ ልማድ ፈጽሞ የራቁ አልነበሩም። በስኮትላንድ ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩት ጐረምሶች ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጭምብል ያጠልቁ ወይም ፊታቸውን በጥቀርሻ ያጠቍሩ ነበር። በእንግሊዝ አገር በሶመርሴት አውራጃ፥ ሂንተን ሴንት ጆርጅ በተባለች መንደር ደግሞ፥ በኦክቶበር መጨረሻ ሐሙስ የፓንኪ ሌሊት ይከበራል። የዚያ መንደር ልጆች ፋኖሳቸውን የሚሠሩት ማንጎልድ ከሚባለው፥ ለከብት መኖ ከሚዘራው የቀይ ሥር ዘመድ ነው። ቅርፊቱን ብቻ በቢላዋ ጫፍ እየፋቁ ሥጋውን ሳይበሱ ይተዉታል፤ ብርሃኑም በሳሳው ሥጋ ውስጥ እያለፈ ሥዕሉን ያወጣዋል። የሚሣለውም ፊት ብቻ አይደለም፤ ቤትም ዛፍም ይሣላል። ይህ ዘዴ በመብሳትና በመቀባት መካከል የቆመ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ዱባ ወደዚህ ልማድ የገባው በአሜሪካ ነው። ተክሉ የአዲሱ ዓለም ተወላጅ ሲሆን፥ በሜክሲኮ በዋሃካ ግዛት ጊላ ናኪትስ ከተባለው ዋሻ የተገኙት ዘሮች ሰው ዱባን ማልማት የጀመረው ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን ያስረዳሉ። በኢትዮጵያ ጓሮ የሚበቅለው ዱባም የዚሁ ወገን ነውና ወደ አገሩ ሊገባ የቻለው ከኮሎምበስ ጕዞ በኋላ ነው፤ ቅል ግን የጥንት የአፍሪካ ተክል ነው። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ተረት ከተናጋሪው አሳብ አልፎ በዕፀዋት ታሪክም እውነት ሆኖ ይገኛል።

ከ1845 እስከ 1852 በአየርላንድ በደረሰው ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሲሞት ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተሰደደ፤ ስደተኞቹም በአሜሪካ ተርኒፑን ትተው ዱባውን ያዙ ይባላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በ1807 በማሳቹሴትስ የተወለደው፥ የአየርላንድ ሰው ያልሆነው ባለቅኔ ጆን ግሪንሊፍ ዊቲየር፥ በልጅነቱ በዱባ ላይ ፊት እየቀረጹ ሻማ ያበሩበት እንደ ነበረ ስለ ዱባ በጻፈው ግጥም ያነሣል፤ ግጥሙም የሚናገረው ስለ ሃሎዊን ሳይሆን ስለ ምስጋና በዓል ነው። ናታንየል ሆቶርንም በ1852 ባወጣው ታሪክ ውስጥ ዐይንና አፍ የተበሳለት ዱባ ራስ ሆኖ በማስፈራርቾ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የዱባው ፊት አስቀድሞ በኒው ኢንግላንድ የመከር ጊዜ የልጆች ጨዋታ ነበረ፤ የአየርላንድና የስኮትላንድ ስደተኞች የሰጡት ሌሊቱን ነው ማለት ለእውነት ይቀርባል።

ዱባ ከተርኒፕ ይልቅ ትልቅ፥ ውስጡም ባዶ ስለ ሆነ ለመፈልፈል ይቀላል። በ20ኛው መቶ ዓመትም ለአፍ ሳይሆን ለቢላዋ የሚዘራ ዱባ ተገኘ፤ በማሳቹሴትስ ገበሬ የነበረው ጆን ሃውደን በ1960ዎቹ ያዳቀለው፥ በስሙ የሚጠራው ዝርያ፥ ቀለሙ የደመቀ፥ እጀታው ወፍራም ሆኖ ለፋኖስ የታወቀ ሆነ። ነገር ግን ቅርፊቱ ጠንካራና የሚያዳልጥ ነው። ቢላዋው ድንገት ሲያመልጥ እጅ ይቈርጣል፤ በየዓመቱ በበዓሉ ሰሞን በዚህ ምክንያት የሚቈስሉ ሰዎች ወደ ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። በ2004 የታተመ አንድ የሕክምና ጥናት የወጥ ቤት ቢላዋንና ለዱባ ተብለው የተሠሩትን ትናንሽ መጋዞች አነጻጽሮ፥ መጋዞቹ እጅን ለመቍረጥ ከፍ ያለ ኀይል እንደሚጠይቁ አሳይቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ቢላዋው ከልጁ እጅ ወደ አባቱ ወይም ወደ እናቱ እጅ አልፎ ነበር። ልጁ በእርሳስ መስመር ያሰምራል፤ አዋቂው ይቈርጣል። በጥንቱ ልማድ አስፈሪውን ነገር የሚሠራው ወጣቱ፥ የሚደነግጠውም አዋቂው ነበረ፤ አሁን አዋቂው ሠሪ፥ ልጁ ተመልካች ሆነ። ብሩሹ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ብሩሽም ማንንም አያቈስልምና ሥራው ወደ ልጁ እጅ ተመለሰ። ቢላዋውን የያዙት አዋቂዎች መቀባትን የልጆች ነገር እያሉ ሲያቃልሉ፥ ፋኖሱ ራሱ የልጆች ነገር እንደ ነበረ ዘንግተዋል።

የቀለሙም ነገር የራሱ ታሪክ አለው። የዱባ ቅርፊት ሰም የተቀባ ያህል ለስላሳ ስለ ሆነ ቀለም በቀላሉ አይዝበትም፤ የዘይት ቀለም ደግሞ ለመድረቅ ብዙ ቀን ይፈጃል። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ለሠዓልያን የሚሸጠው በውሃ የሚበጠበጥ የአክሪሊክ ቀለም ከወጣ በኋላ ግን ቶሎ የሚደርቅና ከቅርፊቱ ጋር የሚጣበቅ ቀለም በማንኛውም ቤት ሊገኝ ቻለ። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ዱባውን አጥበው በደንብ ያደርቁታል፤ ከዚያ በነጭ ወይም በጥቍር ቀለም አንድ ጊዜ መላልሰው ይቀቡትና በላዩ ይሥላሉ። ሉሚና የሚባለው ነጭ ዱባ ያለ ምንም ቅብ የአፅም ራስ ስለሚመስል ለዚህ ሥራ ይመረጣል። የዱባው ጐድጓዳ መስመሮች ለሽማግሌ ፊት መጨማደድ ይሆናሉ፤ ዱባው በጐኑ ሲጋደምም እጀታው አፍንጫ ይሆናል። ቢላዋ እነዚህን ነገሮች እየቈረጠ ያልፋቸው ነበር፤ ብሩሹ ግን ያገለግልባቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የዐይኑ ቅርጽ ነው። በተፈለፈለው ዱባ ዐይኑ ሦስት ማዕዘን የሚሆነው ቢላዋ ቀጥ ያለ መስመር መቍረጥ እንጂ መዞር ስለሚያስቸግረው ነው። ብሩሽ እንዲህ ያለ ችግር የለበትም፤ ክብም ሞላላም እንደ ልቡ ይሥላል። ሆኖም በቀለም የሚሣለው የዱባ ፊት እጅግ ብዙ ጊዜ ያንኑ ሦስት ማዕዘን ዐይንና ያንኑ ጥርሱ የተጋጠጠ አፍ ይይዛል፤ ይኸውም በጥቍር ተቀብቶ ቀዳዳ እንዲመስል፥ አንዳንዴም ብርሃን እንዲመስል ዳሩ በብጫ ይከበባል። የአክሱም ሐውልት ጠራቢዎች በድንጋዩ ላይ የእንጨት ቤት በርና የወራጅ ጫፍ እንደ ቀረጹ ሁሉ፥ እዚህም አዲሱ መሣሪያ የአሮጌውን ትዝታ ተሸክሞ ይገኛል። ልማዱ እንዳልሞተ ከሚያስረዱት ምልክቶች ይህ ዋነኛው ነው።

የጠፋውም ነገር ግን ሊሸሸግ አይገባም። ሻማው ሲንቀጠቀጥ የፊቱ ጥላ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የተቀባው ፊት አይንቀሳቀስም። የተፈለፈለው ፊት ቀን ቀን ዝም ያለ ሆኖ ሌሊት ይነቃል፤ የተቀባው በተቃራኒው በቀን ይታይና በጨለማ ይጠፋል። በጨለማ የሚያበራ ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ያጡትን ሌሊት ለመመለስ መሞከራቸው ነው። ጊዜውም ተለውጧል። የተፈለፈለው ዱባ ሻጋታ ስለሚይዘው በጥቂት ቀን ይበሰብሳል፤ ስለዚህ የሚሠራው በበዓሉ ሰሞን ብቻ ነበረ። ያልተበሳው ግን ለሳምንታት ስለሚቈይ ከወሩ መጀመሪያ አንሥቶ በደጃፍ ይቀመጣል፤ ወር ሙሉ በየጧቱ የሚታይ ፊት ደግሞ እየተለመደ ስለሚሄድ ማስፈራቱ ይቀንሳል።

ቀለም ከፊትነት አልፎ ምልክት ወደ መሆንም ደርሷል። በ2012 በቴነሲ ግዛት አንዳንድ ምግብ ለሕይወታቸው አደገኛ የሚሆንባቸው ልጆች ያሏቸው ወላጆች ዱባን በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ባለ ቀለም ቀብተው በደጃፍ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ በ2014 አሳቡ በመላው አገር ተሠራጨ። ትርጕሙም በዚህ ቤት ከጣፋጭ ሌላ ምግብ ያልሆነ ስጦታ አለ ማለት ነው። ያ ዱባ ዐይንም አፍም የለውም፤ ማንንም አያስፈራም።

በዓሉ ካለፈ በኋላ የሁለቱ ዱባዎች መንገድ እንደገና ይለያያል። የተፈለፈለው ለከብት ይሰጣል ወይም ከፍግ ጋር ይቀላቀላል። የተቀባው በቀለሙ ምክንያት ለሁለቱም አይሆንም። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ከአንድ ወገን ብቻ ይቀቡትና ሃሎዊን እንዳለፈ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞሩታል፤ ያልተቀባው ጀርባውም ወደ መንገድ ሆኖ እስከ ኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ፥ እስከ ምስጋና በዓል፥ እንደ ተራ የመከር ዱባ ይቀመጣል።