ኬሊ ጆንሰን፡ የተረፈውን የመንግሥት ገንዘብ የመለሱት መሐንዲስ

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ክላረንስ «ኬሊ» ጆንሰን በ1910 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ከስዊድን ስደተኞች ተወለዱ፡፡ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ከሆኑት የጦር አውሮፕላን ንድፍ አውጪዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ከ40 ዓመታት በላይ ያገለገሉት ሎክሂድ በተባለ አንድ ኩባንያ ውስጥ ነው፡፡ የሥራ ዘመናቸው ለአውሮፕላን ወዳጆች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፡፡ የሕዝብ ገንዘብ በምስጢር ሲወጣ የሚጠብቀው ማን ነው? የሚለውን ጥያቄ ያስነሳልና፡፡

ሎክሂድ የተቀጠሩት በ1933፣ በወር 83 ዶላር ነበር፡፡ ገና በአዲስነታቸው፣ ኩባንያው ተስፋውን የጣለበት ኤሌክትራ የተባለው የመንገደኞች አውሮፕላን በበረራ ላይ ሚዛኑን እንደማይጠብቅ ለአለቆቻቸው በግልጽ ተናገሩ፡፡ ንድፉን መርምረው ያጸደቁት የገዛ ፕሮፌሰራቸው ነበሩ፡፡ አለቆቹ ግን አልተቆጡም፤ ሞዴሉን አስይዘው ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ መልሰው ላኳቸው፡፡ ከብዙ ሙከራ በኋላ አውሮፕላኑ መንታ ጅራት ተበጅቶለት ችግሩ ተፈታ፡፡

በ1943 የአሜሪካ ጦር የጀርመንን ጄት የሚቋቋም ተዋጊ አውሮፕላን በ180 ቀናት እንዲሠራለት ጠየቀ፡፡ ጆንሰን ጥቂት ባለሙያዎች መርጠው፣ በኪራይ የሰርከስ ድንኳን ውስጥ በ143 ቀናት አደረሱት፡፡ ኋላ «ስከንክ ወርክስ» የተባለው ምስጢራዊ ክፍል የተወለደው እንዲህ ነው፡፡ ዩ-2 እና ኤስአር-71 የተሰኙት የስለላ አውሮፕላኖች የወጡትም ከዚሁ ክፍል ነው፡፡

የዩ-2 ውል አፈጻጸም የሕግ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ነው፡፡ ሲአይኤ በ1955 መጀመሪያ 1.25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ቼክ በፖስታ የላከው ወደ ጆንሰን መኖሪያ ቤት ነበር፡፡ በሸንጎ በይፋ ክርክር ያልተደረገበት፣ ጋዜጣ ያልጻፈበት ገንዘብ ነው፡፡ አውሮፕላኑ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በረረ፤ ወጪውም ከተዋዋሉበት በታች ስለሆነ ልዩነቱ ለመንግሥት ተመለሰ፡፡ ይህ የአጋጣሚ ነገር አልነበረም፡፡ ጆንሰን ካወጧቸው 14 የሥራ ደንቦች አንዱ፣ የወጣው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን እስከ ሥራው ፍጻሜ የሚወጣውም ጭምር በየወሩ እንዲገመገም ያዛል፡፡

ይሁን እንጂ ደንቦቹ የሚገዙት የእርሳቸውን ክፍል ብቻ ነበር፡፡ ጆንሰን በ1975 ጡረታ በወጡበት ወቅት የአሜሪካ ሴኔት ሎክሂድን እየመረመረ ነበር፡፡ ኩባንያው አውሮፕላኖቹን ለመሸጥ በጃፓን፣ በኔዘርላንድስና በሌሎችም አገሮች ለባለሥልጣናትና ለታላላቅ ሰዎች ጉቦ መክፈሉ ተጋለጠ፡፡ አሜሪካ ለውጭ ባለሥልጣናት ጉቦ መስጠትን በወንጀል የሚያስቀጣ ሕግ በ1977 ያወጣችው ከዚህ በኋላ ነው፡፡

ጆንሰን በ1990 አረፉ፡፡ አንድ ሐቀኛ ኃላፊ የራሱን ክፍል በሥርዓት ሊያስተዳድር እንደሚችል አሳይተዋል፡፡ ኩባንያውን በሙሉ ለመግራት ግን ሕግና የሚመረምር ምክር ቤት አስፈልጓል፡፡