አጥርና ሽቦ፦ የኢንተርኔት ቁማር ሕግ በዩናይትድ ስቴትስ ግዛቶች እንዴት ሊለያይ ቻለ?

መግቢያ

ቁማር ለብዙ ዘመን ከቦታ ጋር የተሳሰረ ነገር ሆኖ ኖሯል። ተጫዋቹ፣ ገንዘቡና መጫወቻው በአንድ ጣራ ሥር ስለሚገናኙ፣ ሕግ አውጪው የሚፈቅደውንም ሆነ የሚከለክለውን በራፉ ላይ ዘብ አቁሞ ለመቈጣጠር ይችል ነበር። ቴሌግራፍ፣ ቀጥሎም ስልክ፣ በመጨረሻም ኢንተርኔት ሲመጡ ግን ጣራው ተነሣ፤ ተጫዋቹ በአንድ ሥፍራ፣ መጫወቻው በሌላ፣ ገንዘቡም በሦስተኛ ሥፍራ ሊገኝ ቻለ። ከዚህም የተነሣ በችሎትና በምክር ቤት አንድ ጥያቄ ይደጋገም ጀመር፤ ይኸውም «ውርርዱ የተደረገው የት ነው?» የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ምን ያህል የተለያየ መልስ ሊያገኝ እንደሚችል ለመረዳት የዩናይትድ ስቴትስን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። የዩታ ነዋሪ በስልኩ አንዲት ሳንቲም ቢያስይዝ ሕግ ይተላለፋል፤ የፔንሲልቬንያ ነዋሪ በዚያው ዐይነት ስልክ ሙሉ የቁማር ቤት ከኪሱ ያወጣል፤ የኒው ዮርክ ነዋሪ በስፖርት ውጤት እንዲወራረድ ቢፈቀድለትም በዚያው ስልክ የቁማር ካርታ እንዲጫወት አልተፈቀደለትም። የዋሽንግተን ግዛት ደግሞ በ2006 ባወጣው ሕግ የኢንተርኔት ቁማርን ከከባድ ወንጀሎች ተርታ አስቀምጦታል። ሁሉም የሚኖሩት ግን በአንድ ባንዲራ ሥር ነው። ልዩነቱን ከፊል ሕገ መንግሥቱ፣ ከፊል የግብር ፍላጎት፣ ከፊል ደግሞ የመሐንዲሶች ሥራ አምጥቶታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ግሪጎርያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሎተሪ እስከ ሽቦ

በ1791 የጸደቀው ዐሥረኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለማዕከላዊው መንግሥት ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የግዛቶችና የሕዝቡ እንዲሆን ደንግጓል። የሕዝብን ሥነ ምግባር መጠበቅ ከጥንት የግዛቶች ተግባር ተደርጎ ስለሚቈጠር፣ ቁማርን መፍቀድም ሆነ መከልከል በየግዛቱ እጅ ቀረ። ችግሩ የታየው አንዱ ግዛት የፈቀደው ነገር የሌላውን ድንበር ሲሻገር ነው። በ1868 የተቋቋመው የሉዊዚያና ሎተሪ ኩባንያ ቲኬቱን በፖስታ አማካይነት በመላው አገር ይሸጥ ስለ ነበር፣ ሎተሪን የከለከሉት ግዛቶች የገዛ ሕጋቸውን ማስከበር ተሳናቸው። ኮንግሬስም በ1890 ሎተሪን ከፖስታ አገልግሎት አገደ፤ በ1895 ደግሞ ቲኬትን ከግዛት ወደ ግዛት ማጓጓዝን ከለከለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1903 ይህን ሕግ ያጸናው በ5 ዳኞች ድምፅ በ4 ላይ ነበር።

በዚህ ዐይነት የሥራ ክፍፍሉ መልክ ያዘ፤ በግዛቱ ውስጥ ስለሚሆነው ግዛቱ ይወስናል፤ በግዛቶች መካከል ስላለው መንገድ ደግሞ ኮንግሬስ ይወስናል። ኔቫዳ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ በ1931፣ የቁማር ቤቶችን ስትፈቅድ ሌሎቹ ግዛቶች ሊያግዷት አልቻሉም፤ እርሷም ጨዋታውን ወደ እነርሱ ልትልክ አልቻለችም።

በሽቦ የሚተላለፍ ውርርድ ግን ይህን ሚዛን አናጋው። የተደራጁ ወንበዴዎች የውርርድ ዜና በቴሌግራፍና በስልክ እያስተላለፉ ይከብሩ ስለ ነበር፣ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በሮበርት ኬኔዲ አሳሳቢነት በ1961 የሽቦ ሕግ ተብሎ የሚታወቀው ድንጋጌ ወጣ። ሕጉ በውርርድ ንግድ የተሠማራ ሰው ውርርድን ከግዛት ወደ ግዛት በሽቦ እንዳያስተላልፍ ይከለክላል። ነገር ግን በአንቀጹ ውስጥ ስለ ስፖርት የተጻፉት ጥቂት ቃላት የሚገዙት የትኛውን ሐረግ እንደ ሆነ ግልጽ አልነበረም፤ ክልከላው ለስፖርት ውርርድ ብቻ ነው ወይስ ለማናቸውም ቁማር? በወቅቱ ማንም ብዙ ያልተጨነቀበት ይህ ጥያቄ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የቢሊዮኖች ዶላር ጥያቄ ሆነ።

በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ

ግዛቶች ከግብር ይልቅ ሎተሪ ለፖለቲካ እንደሚቀል የተረዱት ዘግይተው ነው። ኒው ሃምፕሻየር በ1964 የግዛት ሎተሪ ጀመረች፤ ሌሎችም ተከተሏት። በኒው ጀርሲ ሕዝቡ በ1976 በሰጠው ድምፅ መሠረት በ1978 በአትላንቲክ ሲቲ ከኔቫዳ ውጭ የመጀመሪያው ሕጋዊ የቁማር ቤት ተከፈተ። በ1987 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካሊፎርኒያ በነባር ነገዶች መሬት ላይ የሚደረገውን ጨዋታ በራሷ ደንብ ልትገዛ እንደማትችል ፈረደ፤ በማግሥቱ ዓመት የወጣው የፌዴራል ሕግም ነገዶች ከየግዛቱ ጋር እየተዋዋሉ የቁማር ቤት እንዲያቋቁሙ ሥርዓት ዘረጋ። በመሆኑም ከማዕከላዊው መንግሥትና ከግዛቶች ሌላ ሦስተኛ ባለ ሥልጣን በመድረኩ ላይ ቆመ።

በ1992 ኮንግሬስ ግዛቶች አዲስ የስፖርት ውርርድ እንዳይፈቅዱ አገደ። ቀድሞ የጀመሩት ኔቫዳ፣ ዴላዌር፣ ሞንታናና ኦሬጎን ከእገዳው ነጻ ተደረጉ። ለኒው ጀርሲ የአንድ ዓመት ጊዜ ቢሰጣትም ሳትጠቀምበት አለፈ፤ ይህም በኋላ ብዙ ያስቈጫት ስሕተት ሆነ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ ትንሿ የካሪቢያን ደሴት አገር አንቲጓና ባርቡዳ ለኢንተርኔት ቁማር በር የሚከፍት ሕግ አወጣች። አሜሪካውያን ቤታቸው ተቀምጠው በባሕር ማዶ መኪናዎች ይጫወቱ ጀመር። መንግሥት ተጫዋቹን በየቤቱ ማሳደድ እንደማያዋጣ ሲረዳ ፊቱን ወደ ገንዘቡ መንገድ አዞረ፤ በ2006 በወደቦች ደኅንነት ሕግ ላይ ተለጥፎ የጸደቀው ድንጋጌ ሕገ ወጥ ለሆነ የኢንተርኔት ቁማር ክፍያ መቀበልን ከለከለ። የሚገርመው ግን ሕገ ወጥ የሚባለው የትኛው እንደ ሆነ ሕጉ ራሱ አለመተርጐሙ ነው፤ ትርጉሙን ለግዛቶችና ለሌሎች የፌዴራል ሕጎች ተወው። በሚያዝያ 2011 የኒው ዮርክ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በሦስት ታላላቅ የፖከር ድርጅቶች ላይ ክስ መሥርቶ የድር አድራሻቸውን ያዘ።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ግን ሌላ በር ተከፈተ። ኢሊኖይና ኒው ዮርክ የሎተሪ ቲኬት በኢንተርኔት ለመሸጥ አስበው ላቀረቡት ጥያቄ፣ የፍትሕ ሚኒስቴር የ1961ዱ የሽቦ ሕግ የሚመለከተው የስፖርት ውርርድን ብቻ ነው ሲል መልስ ሰጠ። ሚኒስቴሩ በ2018 ይህን አስተያየት ቢሽርም፣ የኒው ሃምፕሻየር ሎተሪ ተከራክሮ በ2021 ቦስተን በሚገኘው የይግባኝ ፍርድ ቤት ረታ። የአንድ ሐረግ ትርጉም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ተገለበጠ ማለት ነው።

አጥሩን የሠሩት መሐንዲሶች

በ2013 ኔቫዳ በሚያዝያ፣ ዴላዌርና ኒው ጀርሲ በኅዳር የኢንተርኔት ጨዋታ ጀመሩ። አካሄዳቸው ግን የተለያየ ነበር። ኔቫዳ ፖከርን ብቻ ፈቀደች፤ ዴላዌር ሥራውን በግዛቱ ሎተሪ ሥር አደረገች፤ ኒው ጀርሲ ደግሞ ለአትላንቲክ ሲቲ ባለ ፈቃዶች ሙሉ የቁማር ቤት ጨዋታ ሰጠች። ኒው ጀርሲ አንድ ተጨማሪ እንቅፋት ነበረባት፤ ሕገ መንግሥቷ የቁማር ቤት ከአትላንቲክ ሲቲ ውጭ እንዳይኖር ያዛል። ስለዚህ ሰርቨሮቹ በዚያች ከተማ እንዲቀመጡ ተደርጎ፣ ተጫዋቹ በግዛቱ ውስጥ የትም ቢሆን ውርርዱ ሰርቨሩ ባለበት እንደ ተደረገ እንዲቈጠር በሕግ ተደነገገ።

ይሁን እንጂ ይህ የሕግ አነጋገር ብቻውን ድንበር አይጠብቅም። ኒው ጀርሲ በምሥራቅ በሐድሰን ወንዝ፣ በምዕራብ በዴላዌር ወንዝ የተከበበች ስለ ሆነች፣ ከወንዙ ወዲያ ያለ ሰው ተጫወተ ማለት የፌዴራል ሕግ ተጣሰ ማለት ነው። ስለሆነም መሐንዲሶች ለሕግ አጥር እንዲሠሩ ተጠየቁ፤ አጥሩም በማይታይ ነገር የሚሠራ ነበር። የኢንተርኔት አድራሻ የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ የአገልግሎት ሰጪውን ሥፍራ ነው፤ የሳተላይት ምልክት በሕንፃ ውስጥ ይደክማል፤ የስልክ ማማ የሚሰጠው ልክ ሰፊ ነው፤ በአካባቢው ያሉ የገመድ አልባ መረቦች ዝርዝር ግን ቦታን በብዙ ሜትሮች ትክክለኛነት ሊያመለክት ይችላል። እነዚህ ሁሉ ተጣምረው ይመዘናሉ። ተጫዋቹ የራሱን ኮምፒዩተር ከሩቅ በሌላ ሰው እያስነካ ወይም አድራሻውን በሌላ አገር አድራሻ እየሸፈነ እንዳይሆን ይፈተሻል፤ ወደ ድንበር በቀረበ ቍጥርም ፍተሻው ይደጋገማል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ከወንዙ ወዲህ በሕግ የተቀመጡ ብዙ ተጫዋቾች በስሕተት ተከለከሉ። ለዚህ ምክንያት ነበረው። በማናቸውም መለኪያ ሁለት ዐይነት ስሕተት አለ፤ ውጭ ያለውን ማስገባትና ውስጥ ያለውን ማስወጣት። አንደኛው ፈቃድ ያስነጥቃል፤ ሁለተኛው ደንበኛ ያስከፋል እንጂ አያስከስስም። መሐንዲሶቹም አጥሩን ከድንበሩ ወደ ውስጥ አስገብተው ተከሉት። ቴክኒኩ እየጠራ ሲሄድ አጥሩ ወደ ወንዙ ዳር ተጠጋ።

የዚህ ሥራ ውጤት ከተጠበቀው በላይ ሆነ። ሕጉ በምድር ላይ ያሰመረውን መሥመር በአየር ላይ ማስመር እንደሚቻል ከታየ በኋላ፣ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ደንብ ለማውጣት የሚያግደው ቴክኒካዊ ምክንያት አልቀረም።

ሞዛይኩ

ግንቦት 14 ቀን 2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኒው ጀርሲ አቤቱታ የ1992ቱን እገዳ ሻረ። ምክንያቱም ኮንግሬስ ራሱ ቁማርን ሊከለክል ቢችልም፣ የግዛት ምክር ቤቶችን «ይህን ሕግ አታውጡ» ብሎ ሊያዝዝ አይችልም የሚል ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ከ35 በላይ ግዛቶች የስፖርት ውርርድን በአንድ ወይም በሌላ መልክ ፈቀዱ። የኢንተርኔት የቁማር ቤት ጨዋታን እስከ 2024 መጨረሻ ያስጀመሩት ግን ሰባት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ኒው ጀርሲ፣ ዴላዌር፣ ፔንሲልቬንያ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሚሺጋን፣ ከነክቲከትና ሮድ አይላንድ ናቸው።

ደንቦቹ በዝርዝር ሲታዩ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ኔቫዳ ከስፖርት ውርርድ ገቢ ቢበዛ 6.75 በመቶ ትወስዳለች፤ ኒው ዮርክ በጥር 2022 ሲጀመር በ51 በመቶ ጀመረች፤ ፔንሲልቬንያ ደግሞ ከኢንተርኔት የቁማር ማሽኖች 54 በመቶ፣ ከካርታና ከመሰል ጨዋታዎች 16 በመቶ እንዲከፈል ደነገገች። በአብዛኞቹ ግዛቶች ዕድሜ ከ21 ዓመት ማነስ የለበትም፤ በኒው ሃምፕሻየር ግን 18 ይበቃል። ኔቫዳ ደንበኛው በአካል ቀርቦ እንዲመዘገብ ትጠይቃለች፤ በ2020 የጀመረችው ቴኔሲ በአንጻሩ ያለ አንዳች የውርርድ አዳራሽ በኢንተርኔት ብቻ ትሠራለች። ኒው ጀርሲ በራሷ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድኖች ላይ መወራረድን ትከለክላለች።

በፍሎሪዳ የሰርቨሩ ጥያቄ በአዲስ መልክ ተነሣ። በ2021 በተደረገው ውል መሠረት፣ በግዛቱ ውስጥ በየትም ሥፍራ የሚደረግ የስፖርት ውርርድ ሰርቨሩ ባለበት በሴሚኖል ነገድ መሬት ላይ እንደ ተደረገ ይቈጠራል። አንድ የፌዴራል ዳኛ ውሉን ቢያፈርሰውም የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2023 መለሰው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2024 ጕዳዩን ለማየት አልፈቀደም። በካሊፎርኒያ ደግሞ ነገዶችና የኢንተርኔት ኩባንያዎች ተፋጠው፣ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሰሰበት ቅስቀሳ በኋላ መራጩ ሕዝብ በኅዳር 2022 የሁለቱንም ሐሳብ ጣለ። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ሕዝብ ያለባት ግዛት በዚህ ምክንያት ከሞዛይኩ ውጭ ቀረች።

የፖቶማክ ወንዝ ምሳሌ

ልዩነቱ በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ እንዴት እንደሚታይ ለማወቅ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ሥፍራዎች አንዱ የሆነውን የዋሽንግተንን አካባቢ መመልከት ይቻላል። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚያድር የታክሲ ነጂ ማለዳ ከሜሪላንድ ተነሥቶ፣ ዋና ከተማይቱን አቋርጦ፣ ፖቶማክን ተሻግሮ መንገደኛውን ቨርጂኒያ ከሚገኘው አየር ማረፊያ ሲያደርስ ሦስት የውርርድ ሕጎች አልፏል። ቨርጂኒያ በጥር 2021፣ ሜሪላንድ በኅዳር 2022 በስልክ መወራረድን አስጀመሩ፤ ሁለቱም ከ21 ዓመት በታች ያለን አይቀበሉም። ቨርጂኒያ በግዛቷ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድኖች ላይ መወራረድን አልፈቀደችም። ዋሽንግተን በ2020 ስትጀምር ዕድሜውን 18 አድርጋ፣ ከተማውን ለሚሸፍነው አገልግሎት ሥራውን ለከተማው ሎተሪ ብቻ ሰጠች፤ የግል ድርጅቶች የተፈቀደላቸው ከስታዲየሞቻቸው በሁለት ብሎክ ርቀት ውስጥ ነበር። ከዚህም በላይ አገልግሎቱ በፌዴራል መሬት ላይ እንዳይሠራ ስለ ተደረገ፣ ሐውልቶቹ በቆሙበት ሰፊ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ይከለከላል፤ መንገዱን ሲሻገር ይፈቀድለታል። ከተማዋ በ2024 ለሌሎች ድርጅቶች በር ስትከፍት ሥርዓቱ ተለወጠ።

ኒው ዮርክ ከመፍቀዷ በፊትም የዚያች ከተማ ሰዎች በባቡርና በብስክሌት ሐድሰንን ተሻግረው፣ በኒው ጀርሲ ዳርቻ ቆመው ከተወራረዱ በኋላ ይመለሱ ነበር። የተሻገሩት ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ሳይሆን፣ ስልካቸው የቆመበትን ምድር ለመለወጥ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ የሕጎቹ ልዩነት ከኢንተርኔት የመጣ አይደለም፤ ቀድሞ የነበረው የሥልጣን ክፍፍል ኢንተርኔትን ተሻግሮ ኖረ እንጂ። በ1890ዎቹ «ድንበር የማያውቅ ነገር የአንድ ማዕከል ሕግ ይሻል» የሚለው አስተሳሰብ አሸንፎ ነበር፤ ከ2013 ወዲህ ግን ድንበሩን ወደ ስልኩ ውስጥ ማስገባት ስለ ተቻለ ክርክሩ ወደ ግዛቶች ተመለሰ። ይህን ያስቻለው አንድም ዳኛ ወይም የምክር ቤት አባል አይደለም፤ የመለኪያ ሥራ ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ ነገር አጥሩ ማንን እንደሚጠብቅ ነው። ግዛቶች በቁማር የተጎዳ ሰው በፈቃዱ ስሙን አስመዝግቦ እንዳይጫወት የሚታገድበት መዝገብ አላቸው። ነገር ግን መዝገቡ በአብዛኛው የየግዛቱ ነው፤ በኒው ጀርሲ ራሱን ያሳገደ ሰው ወንዙን ሲሻገር በፔንሲልቬንያ እንደ አዲስ ደንበኛ ሊቀበሉት ይችላሉ። በአንጻሩ ፖከር ተጫዋቾችን ለማብዛት ሲባል ኔቫዳና ዴላዌር በ2014 ተዋውለው ጠረጴዛቸውን አገናኝተዋል፤ ኒው ጀርሲም በ2017 ተቀላቅላቸዋለች። ጠረጴዛን ከግዛት ወደ ግዛት ማገናኘት ከተቻለ መዝገብንም ማገናኘት የሚያስቸግር የቴክኒክ ሥራ አይደለም። የጐደለው ሥራውን የሚያዝዝ ነው። አጥሩ ሰውዬው የት እንደ ቆመ በሜትር ለክቶ ያውቃል፤ እንዲያስቆሙት የለመነ መሆኑን ግን ከድንበሩ ወዲያ ማንም አይጠይቀውም።