የአንድና የብዙ ክርክር በነቀምት



በወለጋዋ ነቀምት ሁለት መምህራን ወዳጆቼ ቡና ቀርቦላቸው ሳለ በፍቅር ሲከራከሩ ሰማሁ። የክርክሩ መነሻ ከጉቶ ጊዳ ገጠር የመጣ አንድ ተማሪ ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ «እግሮች» ለማለት «ፊት» በማለት ፈንታ «ፉትስ» ብሎ ቢጽፍ ጓደኞቹ ሳቁበት። «እግር ሲበዛ እንዴት ፊት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ፤ ሣቁ ባሰ፤ ከዚያ ወዲህም እጁን ማውጣት ተወ።

የእንግሊዝኛው መምህር «ሕግ የሌለውን ነገር ከማጥናት በቀር መድኃኒት የለውም» አሉ። የአማርኛው መምህር ግን «ሕግ የለውም የምንለው፣ ሕጉ የተረሳውን ነው» ሲሉ መለሱ።

ነገሩን ብመረምረው ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው አደላ። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ከ1,000 ዓመት አስቀድሞ «ፎት» ይባል የነበረው እግር ሲበዛ በመጨረሻው የ«ኢ» ድምፅ ነበረበት። ይህ ድምፅ በፊቱ ያለውን አናባቢ ወደ ራሱ ሳበና እርሱ ግን ጠፋ፤ የቀረው ለውጡ ብቻ ነው። ልጆች ማለት የሆነው «ቺልድረን» ደግሞ ሁለት ጊዜ የበዛ ቃል ነው። ቀድሞ በ«ር» ድምፅ በዝቶ ሳለ፣ ተናጋሪው ይህን ዘንግቶ በ«ን» ደገመው።

በእኛስ ዘንድ? «መጽሐፍ» «መጻሕፍት»፣ «ኮከብ» «ከዋክብት» መባሉን ከግዕዝ ወረስን። ዛሬ «መምህራኖች» የሚለውን ሰው እናርማለን፤ ማረማችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን «ነገሥታት» የምንለው ክቡር ቃል ራሱ፣ ብዙ በሆነው «ነገሥት» ላይ ሌላ ብዙ ተደርቦበት የተገኘ ነው።

ያ ተማሪ በቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛም የራሱ ልማድ አለው፤ ሰው «ነማ» ሲበዛ «ነሞታ»፣ ፈረስ «ፈርዳ» ሲበዛ «ፈርዴን» ይባላል። «መጽሐፍ» እንኳ ወደ ኦሮምኛ ገብቶ «መጫፋ» ከሆነ በኋላ፣ የግዕዙን ትቶ «መጫፎታ» እየተባለ ይበዛል። በዚሁ ስም የሚጠራውን መጽሐፍ ቅዱስ ኦኔሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ የቃላት ሥራ እየተረዱ ወደ ኦሮምኛ መልሰው፣ በግዕዝ ፊደል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 በስዊዘርላንድ አሳተሙት። በ1904ም ነቀምት ገብተው ማስተማር ጀመሩ። በዚያች ከተማ ቃልን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ማሻገር እንግዳ ሥራ አይደለም።

እንግዲህ «ፉትስ» ያለው ልጅ ሕግን ያላወቀ ሳይሆን፣ የተማረውን ሕግ ከሚገባው በላይ ያከበረ ነው። ሁለቱም ወዳጆቼ በመጨረሻ በዚህ ተስማሙ፦ ስሕተቱ ይታረም፤ ለጥያቄውም መልስ ይሰጠው። የእንግሊዝኛው መምህር በማግስቱ የ«ፎት»ን ታሪክ በሰሌዳው ላይ ጽፈው ለክፍሉ እንዲያስረዱ ቃል ገብተው ተለያየን።