ስለ ጂዩ ጂትሱ ታሪክና ለኑሮ ስላለው ጥቅም

«ልጄን ትምህርት ቤት የላክሁት እንዲማር እንጂ እንዲታገል አይደለም» የሚል ቃል በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ ከወላጆች አፍ ይሰማል። ትግል የተማረ ልጅ ጠበኛ ይሆናል ብሎ መፍራት የወላጅ ወግ ነውና አንቀየምም። እኛም ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ለጥያቄው መልስ የፈለግነው በክርክር ሳይሆን በታሪክ ነው፤ ይኸውም ጂዩ ጂትሱ የተባለው የጃፓኖች የትግል ጥበብ ከጦረኞች እጅ ወጥቶ እንዴት ወደ ትምህርት ቤት እንደ ገባ፣ ያስገቡትም ሰው ምን አስበው እንደ ነበር መመርመር ነው።

«ጂዩ» በጃፓን ቋንቋ ልስላሴ ማለት ሲሆን «ጂትሱ» ጥበብ ማለት ነው። ጕልበተኛ ሰው ሲገፋን ብንገትረው የሚያሸንፍ እርሱ ነው፤ ለቀቅ ብንለው ግን በገዛ ኀይሉ ተንገዳግዶ ሚዛኑን ያጣል፤ ያን ጊዜ በጥቂት ኀይል ይወድቃል። ሳሙራይ የተባሉት የጃፓን ጦረኞች መሣሪያ ከእጃቸው በጠፋ ጊዜ የሚተማመኑት በዚህ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1868 የሜይጂ መንግሥት ቆመ፤ በ1876ም ሰይፍ ታጥቆ መሄድ ተከለከለ። አገሪቱ ፊቷን ወደ አውሮፓ ትምህርት ስታዞር የአሮጌው ጥበብ መምህራን ተማሪ አጡ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በወጌሻነት ይተዳደሩ ጀመር።

በዚያ ዘመን ጂጎሮ ካኖ የሚባሉ ሰውነታቸው አነስ ያለ ተማሪ ነበሩ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳሉ ጕልበተኞች ልጆች ያጠቋቸው ስለ ነበር የሚያስተምራቸው ሰው ፍለጋ ወጌሾችን እየዞሩ ጠየቁ፤ በ1877ም ፉኩዳ ሃቺኖሱኬ የተባሉ መምህር ዘንድ ገቡ። በ1882 ደግሞ በቶኪዮ ከተማ፣ በኤይሾጂ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 ምንጣፍ በሚይዝ ክፍል፣ በ9 ተማሪዎች ኮዶካን የተባለውን የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ትምህርቱንም «ጁዶ» ብለው ሰየሙት፤ «ዶ» መንገድ ማለት ነው። ካኖ በሙያቸው አስተማሪ እንጂ ወታደር አልነበሩም፤ በቶኪዮ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፍተኛ ትምህርት ቤትን ከ20 ዓመት በላይ በዲሬክተርነት መርተዋል።

ወላጆቻችን የሚጠይቁትን ጥያቄ የጃፓን ወላጆችም ሳይጠይቁ አልቀሩም። ካኖ እ.ኤ.አ. በ1889 በትምህርት ማኅበር ፊት ቆመው ስለዚሁ ጕዳይ ረጅም ንግግር አደረጉ። ትምህርቱ ሰውነትን እንደሚያጠነክርና ራስን ለመከላከል እንደሚረዳ ካስረዱ በኋላ፣ በትግል የሚለመደው ጠባይ በዓለም ሥራ ሁሉ እንደሚያገለግል ገለጡ፤ ይኸውም ራስንና ባላጋራን አስቀድሞ ማስተዋል፣ አስቦ ከወሰኑ በኋላ አለማመንታት፣ የሚቆሙበትን ቦታ ማወቅ፣ ሲያሸንፉ አለመታበይ፣ ሲሸነፉም አለመሰበር ነው።

ከዚህ ሁሉ እኛን ያስደነቀን የትምህርቱ ቅደም ተከተል ነው። ጀማሪ ተማሪ ሰው መጣል ከመማሩ በፊት መውደቅ ይማራል። አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል፣ ጭንቅላቱ መሬት እንዳይመታ፤ ጀርባውን ያጐብጣል፣ እንዲንከባለል፤ በመዳፉና በክንዱ ምንጣፉን በጥፊ ይመታል፣ ኀይሉ ባንድ ቦታ ሳያርፍ እንዲበተን። እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሊመክት የሚሞክር ሰው የእጁ አንጓ ይሰበርበታል። በክረምት የሆሳዕናን ጭቃ የረገጠ ወይም ከሐምበሪቾ ተራራ 777 ደረጃዎችን የወረደ ሰው ይህ ትምህርት ለማን እንደሚያስፈልግ አይጠፋውም። የዓለም ጤና ድርጅት በመውደቅ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ ገልጿል።

በቋንቋችን ግን መውደቅ ለእግር ብቻ የተነገረ ቃል አይደለም፤ ለፈተናም እንለዋለን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በወጣ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ባንድ ቀን ወደቁ። እንዴት መውደቅ እንደሚገባ ግን ማንም አላስተማራቸውም ነበር፤ ያስተማርናቸው ሁላችን ማለፍን ብቻ ነው። ከሐድያና ከከምባታ ከተሞች ብዙ ወጣቶች ኬንያንና ታንዛኒያን አቋርጠው ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። ምክንያታቸው ብዙ ነው፤ በላኩት ገንዘብ የተሠራውን ቤት ሁላችን እናያለንና አንነቅፋቸውም። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው አንድ ጊዜ ወድቆ ሁለተኛ መሞከርን እንደ ውርደት ቈጥሮ የሄደ የለም አንልም።

በምንጣፉ ላይ አንድ ተማሪ ባንድ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ይወድቃል፤ ተነሥቶም ለጣለው ጓደኛው እጅ ነሥቶ እንደገና ይያያዛል። ማዬዳ የተባለው የኮዶካን ሰው ወደ ብራዚል ከተሻገረ በኋላ በዚያ አገር ባደገው ጂዩ ጂትሱ ደግሞ ትግሉ በመሬት ላይ ነው። ክንዱ ወይም አንገቱ የተያዘበት ተማሪ ጓደኛውን በመዳፉ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ ያደርገዋል፤ ጓደኛው ወዲያው ይለቀዋል። ተሸነፍሁ ማለት ነው። ይህን ያለ እፍረት ማለት፣ የሰማውም ያለ ፉከራ መልቀቅ፣ በእኛ አስተያየት ሰው ከመጣል ይከብዳል።

ጃፓን ለእኛ አገር እንግዳ አይደለችም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የጃፓንን ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጐብኝተው መጽሐፍ ጽፈውባታል። ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ የገባውም ጀግናችን አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ድል ባገኘበት በቶኪዮ ውድድር ነው። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አሸነፈ። ከሁለት ቀን በኋላ የሆላንዱ አንቶን ሄሲንክ የጃፓኑን አኪዮ ካሚናጋን ጣለ። (ትንሹ ትልቁን ይጥላል ይባላል፤ ያን ቀን ግን የጣለው ትልቁ ነበር።) የአገሩ ሰዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉ ሄሲንክ እጁን አንሥቶ ከለከላቸው፤ የተሸነፈው ሰው ክብር እንዲጠበቅ።

አበበ ታጋይ አልነበረም፤ ነገር ግን መውደቅን የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከማይንቀሳቀሱበት ደረጃ በደረሰ ጊዜ እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታክሞ፣ በዚያው በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ይዞ ቀረበ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በበረዶ ላይ በተደረገ የተንሸራታች ውድድር አሸነፈ።

ስለ እኅቶቻችንም ጥቂት እንበል። እንግሊዝ አገር ቁመቷ 1 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነች ኢዲት ጋረድ የምትባል ሴት ጂዩ ጂትሱ ተምራ፣ የመምረጥ መብት ይጠይቁ ለነበሩት ሴቶች አስተማረች፤ እነርሱም እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ መሪያቸውን ኤሜሊን ፓንክኸርስትን ከፖሊስ እጅ ለማዳን ተጠቀሙበት። ካኖም ሴቶችን አስተምረዋል። የመጀመሪያ መምህራቸው የፉኩዳ የልጅ ልጅ ኬይኮ ፉኩዳ ከተማሪዎቻቸው አንዷ ስትሆን፣ 99 ዓመት ሆኗት እ.ኤ.አ. በ2013 እስክታርፍ ድረስ የጁዶ አስተማሪ ነበረች። በእኛ አካባቢ ጠለፋ ብዙ ልጃገረዶችን ከትምህርት ገበታ አስቀርቷል። ከከምባታ የተወለዱት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ድርጅት አቋቁመው ጠለፋንና የሴት ልጅ ግርዛትን ሕዝቡን እያወያዩ ተዋግተዋል፤ ያረፉት በ2019 ነው። ጠለፋን የሚያስቀረው የሕዝብ ስምምነትና ሕግ እንጂ የአንዲት ልጅ ክንድ እንዳልሆነ እናውቃለን። ቢሆንም እጇ ሲያዝ ማስለቀቅ የተማረች ልጅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እምቢ ለማለት አትፈራም።

የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። ካኖ በ12 ምንጣፍ ጀመሩ፤ እኛም በማዳበሪያ ከረጢት ገለባ ጠቅጥቀን በላዩ ሸራ ብንወጥር ለመጀመሪያው ይበቃናል። የሠለጠነ አስተማሪ ግን የግድ ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው የተማሪ አንገት እንዲያጣምም አንፈልግም። የመጀመሪያው መንፈቅ በሙሉ መውደቅ ብቻ ይሁን እንላለን። ወላጆችም መጥተው እንዲመለከቱ እንጋብዛለን።