የፈረስ መጋላው ፔጆና የፍጥነት ወዳጆች

በሐረር በር ገብቶ ዋናውን መንገድ የያዘ ሰው ብዙም ሳይርቅ ፈረስ መጋላ ይደርሳል። መጋላ ገበያ ነው፤ ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ። ፈረሱ ሄዶ ስሙ ቀርቷል። ፈረስ ይሸጥ ይለወጥበት በነበረው በዚያ አደባባይ ብዙዎቻችን ተሰልፎ የምናስታውሰው ሌላ ነገር ነው፦ ፔጆ 404።

ጀጎል፣ አሮጌዋ ሐረር፣ ለመኪና የተሠራች ከተማ አይደለችም። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ ያዞሩባት ይህች ከተማ በ48 ሄክታር መሬት ላይ 368 መተላለፊያዎች ተጠላልፈውባታል፤ አንዳንዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ማኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር እንኳ ስሙን ያገኘው ከሚነዳው መኪና ሳይሆን ከልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ ነው። እንዲህ ካለች ከተማ ተነስቶ ስለ መኪና ፍጥነት መጻፍ ግር ያሰኝ ይሆናል። ነገር ግን ፈረስ መጋላ ላይ ተሳፋሪ ሲጠብቅ የኖረው ያ መኪና በዓለም የፍጥነት ታሪክ ውስጥ የራሱ ገጽ አለው። ስለ 404 በተወራ ቁጥር የሚነሳው እርጅናው ብቻ መሆኑ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 1965 የፔጆ ኩባንያ ከፓሪስ በስተደቡብ ወደሚገኘው የሞንትሌሪ መሮጫ አንድ እንግዳ 404 ይዞ ሄደ። ጣሪያው ተነስቷል፤ ከሾፌሩ ወንበር በቀር መቀመጫ የለውም፤ የሾፌሩ ራስ ብቻ በትንሽ ሽፋን ተከልሎ ከላይ ይታያል። የተገጠመለት ሞተር የናፍጣ ነበር። በዚያ ዘመን ናፍጣ ለጭነት መኪናና ለትራክተር እንጂ ለቤት መኪና ይሆናል ብሎ የሚያምን ጥቂት ነው። ሾፌሮች እየተፈራረቁ ቀንና ሌሊት ነዱት። መጀመሪያ 5,000 ኪሎ ሜትር በሰዓት በአማካይ 160 ኪሎ ሜትር፤ ቀጥሎም አነስ ባለ ሞተር፣ 1,948 ሲሲ በሆነው፣ 11,000 ኪሎ ሜትር በአማካይ 161። ሲያበቃ 40 ክብረ ወሰኖች ተመዝግበው ነበር። 11,000 ኪሎ ሜትር ማለት ከሐረር አዲስ አበባ ደርሶ መልስ አሥር ጊዜ ያህል ነው።

ጣሪያውን ያነሱት ለጌጥ አልነበረም። የፍጥነት ጠላቱ ነፋስ ነው። መኪና ፍጥነቱን እጥፍ ሲያደርግ የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ያንን ለማሸነፍ ሞተሩ የሚያወጣው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ። ስለዚህ ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው፦ ሞተሩን ማሳደግ፣ ወይም ነፋሱ የሚመታውን ፊት ማሳነስ። ገንዘብ ያለው የመጀመሪያውን ይመርጣል። ገንዘብ የሌለው ሁለተኛውን ይጀምርና ሞተሩን በገዛ እጁ ቀስ በቀስ ያሻሽለዋል። የምድር ላይ ፍጥነት ታሪክ ውስጥ እኔን የሚማርከኝ ይህ ሁለተኛው ሰው ነው።

ታሪኩ ሲጀምርም የፍጥነት ወዳጆች ነገር ነበር። ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ሐረር ሲገባ የሶማሌን በረሃ በፈረስ ለመሻገር 20 ቀን ፈጅቶበታል። ከዚያ 18 ዓመት ቆይቶ፣ ልዑል ራስ መኰንን ሐረርን ሲገዙ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1898 ጋስቶን ደ ሻስሉ ሎባ የሚባል ፈረንሳዊ ባላባት ፓሪስ አጠገብ አንድ ኪሎ ሜትር በ57 ሰከንድ ነዳ። በሰዓት 63.15 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያው የተመዘገበ የመኪና ፍጥነት ክብረ ወሰን ይኸው ሆነ። ካሚል ዠናትዚ የተባለ ቤልጂጋዊ መሐንዲስ ተፎካከረው፤ አንዱ ሲሰብር ሌላው እየመለሰ ቆይተው በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል 29 ቀን ዠናትዚ 105.88 ደረሰ። በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትርን ያለፈ የመጀመሪያው መኪና ይህ ነው። ለመኪናው ያወጣለት ስም ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «በቃኝ የማታውቅ» እንደማለት ነው። የሁለቱም ሰዎች መኪኖች በኤሌክትሪክ ነበር የሚሄዱት። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስትከለክል ኤሌክትሪኩን እንደ አዲስ ነገር ያየነው ብዙ ነን፤ የፍጥነት ታሪክ ግን የተጀመረው በእሱ ነው።

ወደ እኛ አገር መኪና የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ በሲድሌይ፣ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ በናኬ መኪና፣ መንገድ በሌለበት አገር ተጉዘው ተከታትለው አዲስ አበባ አፄ ምኒልክ ዘንድ ገቡ። ባቡሩ በዚያን ጊዜ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ከተማይቱን ወደ ጎን ትቷት አልፏል። ራስ መኰንን፣ በፈረስ ስማቸው አባ ቃኘው፣ መኪናውን ሳያዩ ሁለት ዓመት ቀድመው አርፈዋል። አፄ ምኒልክ ወዲያው ከኢትዮጵያዊ ወገን የሞተር ጥበብ የሚያውቅ ሰው ፈለጉ፤ ለዚህም የኋላው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን ተላኩ። ነጋድራስ ተሰማን አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው እዚያው ጀርመን ሳሉ በሸክላ ባስቀዱት ዘፈን ነው። የሄዱበት ጉዳይ ግን መኪና ነበር። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መካኒክ ባለቅኔም ነበሩ ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ በውጭው ዓለም ፍጥነት ውድ ነገር ሆነ። የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ላይ የሚጭኑ ባለጸጎችና በስተኋላቸው የቆሙ ኩባንያዎች መጡ። ዛሬ ያለው ክብረ ወሰን እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የኔቫዳ በረሃ እንግሊዛዊው የአየር ኃይል አብራሪ አንዲ ግሪን ያስመዘገበው በሰዓት 1,227.985 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከድምፅ የፈጠነ። አለካኩ ቀላል ቢመስልም ጥብቅ ነው። መኪናው ተንደርድሮ በተለካው ኪሎ ሜትር ወይም ማይል ያልፋል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዞሮ በተቃራኒው አቅጣጫ ይደግመዋል፤ የሁለቱ አማካይ ይያዛል። በነፋስ ተገፍቶ የፈጠነ እንዳይኖር ነው።

ወዳጆቹ ግን አልጠፉም። በደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ ፎርድ እየገዙ፣ ኮፋኖና ጭቃ መከላከያ እየፈቱ፣ በደረቁ የሐይቅ ወለሎች ላይ ይነዱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1937 የሰዓት ቆጣሪ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1949 ደግሞ በዩታ ቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ የፍጥነት ሳምንት ጀመሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተዋጊ አውሮፕላን ትርፍ ነዳጅ ጋኖች በርካሽ ሲሸጡ ጋኑን ገዝተው፣ ቀደው፣ ውስጡ ሞተርና ወንበር ገጠሙበት። ነፋስ ላይ እንዲንሸራተት ተደርጎ የተቀረጸ ነገር በትንሽ ገንዘብ አገኙ ማለት ነው።

ከኦሃዮ የመጣው አርት አርፎንስ ቤተሰቡ የከብት መኖ ወፍጮ ነበረው። ጉዳት ደርሶበት የተጣለ የተዋጊ ጄት ሞተር ገዛ፤ ጠግኖ ሲጨርስ መሞከሪያ ስላልነበረው ከዛፍ ጋር አስሮ አስነሳው። በዚያ ሞተር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 1965 በሰዓት 927 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። ክሬግ ብሪድላቭ የሰበረበት በስምንተኛው ቀን ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚነካው ግን የኒውዚላንዱ በርት መንሮ ነው። ኢንዲያን ስካውት የተባለ እ.ኤ.አ. በ1920 የተሠራ ሞተር ብስክሌት ነበረው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ። መንሮ አርባ ዓመት ያህል ሲያሻሽለው ኖረ። ፒስተኑን ራሱ ብረት አቅልጦ ያፈስስ ነበር። በተሰበረ ቁጥር እንደገና። እ.ኤ.አ. በ1967፣ በ68 ዓመቱ፣ ቦንቪል ላይ በሰዓት ከ295 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጦ የክፍሉን ክብረ ወሰን ወሰደ። የሞተር ብስክሌቱ ዕድሜ 47 ዓመት ነበር። ሐረር ውስጥ ከዚያ የሚያረጅ ፔጆ ተሳፋሪ ጭኖ እንደሚሄድ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ተአምር አይደለም፤ የምናውቀው ሥራ ነው።

በእኛው አህጉር የሆነውንም ልንገራችሁ። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በፋሲካ ሰሞን በዝናብና በጭቃ የሚካሄድ፣ ኬንያን ኡጋንዳንና ታንዛንያን የሚያዳርስ ውድድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸናፊው መኪና ፔጆ 404 ነው። በ1963 ከተነሱት 84 መኪኖች መጨረሻ የደረሱት ሰባት ብቻ ነበሩ፤ በ1968ም እንዲሁ ከ93 ሰባት። ያሸነፉት ኒክ ኖዊኪና በርት ሻንክላንድ ኑሯቸው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ነበር፤ ጭቃውን ያውቁታል። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ምርጥ ሾፌሮቻቸውን እየላኩ ለማሸነፍ እስከ 1972 መጠበቅ ነበረባቸው።

አሁን ወደ ሐረር ልመለስ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900። በሁለቱ መካከል የደንገጎ ዳገት አለ። ሽቅቡን ሲወጡ አየሩ ይሳሳል፤ ሐረር ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ከስድስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር የሚተነፍሰው አየር ሲቀንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ራዲያተሩ ይፈላል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋ ላይ ሌላ ማስተካከያ ይፈልጋል። የቦንቪል ተወዳዳሪዎችም ሜዳው ከባሕር ወለል ወደ 1,300 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ ከሞተራቸው ጋር የሚከራከሩት በዚሁ ጉዳይ ነው። የእኛ መካኒኮች ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ዳገት ላይ ቆሞ ከቀረ መኪና ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የ404 ምርት እ.ኤ.አ. በ1975 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ ሲጠፋ ከሌላ መኪና ቆርጦ፣ በይዶና ሞርዶ አስተካክሎ፣ የወደቀውን ያነሳው እጅ የመንሮን ሥራ ሲሠራ የኖረ እጅ ነው። አንድ ልዩነት አለ፦ መንሮ የሠራው ለፍጥነት ሲሆን የሐረሩ ሰው ለእንጀራው ነው።

ሐረር የፍጥነት ሜዳ የላትም። አንድ ወዳጄ በአቅራቢያዋ ደረቅ የሐይቅ ወለል አለ ብሎ ሐሮማያን አንስቶብኝ ነበር። ተቃወምኩት። ሐረርን ውሃ ሲያጠጣ የኖረ ሐይቅ ሲደርቅ ሐዘን ነው እንጂ ሜዳ ተገኘ አይባልም፤ በቅርብ ዓመታት ውሃው መመለስ በመጀመሩም እግዜር ይመስገን። ጠፍጣፋ ጨው ከተፈለገ አፋር አለ፤ ከባሕር ወለል 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለው የዳሎል አካባቢ። እሱም ቢሆን የጨው ቆራጮችና የግመል ነጂዎች እንጀራ ነው፤ ማንም ሰው የሚጋልብበት ባዶ መሬት አድርጎ ሊያየው አይገባም።

የሚያሳስበኝ ሜዳው አይደለም። ባጃጁ ፈረስ መጋላን ወርሷል፤ 404ቶቹ አንድ በአንድ ለብረት እየተሸጡ ነው። አዲስ የነዳጅ መኪና በማይገባበት ዘመን የሞተር ጥበቡም አብሮ መሄዱ አይቀርም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ስትመዘገብ ግንቡ፣ መስጊዱና የሐረሪዎቹ ባህላዊ ቤት ተቆጥረው ተጽፈዋል። ፔጆው አልተቆጠረም፤ ሊቆጠርም አይችል ነበር። ከግንቡ ውጭና ውስጥ ሲያመላልሰን የኖረው ግን እሱ ነው።

ስለዚህ የሐረሪ ክልል ባህልና ቱሪዝም ሰዎች ሆይ፣ ራምቦ ቤት የገጣሚው ፎቶግራፎች አሉ፤ በራስ ተፈሪ ቤት ባለው የሸሪፍ ሙዚየም የከተማይቱ ሳንቲም፣ ሰይፍና የብራና መጽሐፍ አለ። አንድ 404 ግዙና ከእነ ሞተሩ፣ በገዛ አገሩ እጅ ከተቀየሩለት ክፍሎች ጋር፣ ጥላ ሥር አቁሙት። አጠገቡ የሞንትሌሪን ቁጥር ጻፉለት። እናንተም በቤታችሁ 404 ያላችሁ ሰዎች፣ መኪናውን ማን እንደገዛው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን ሲጠግነው እንደኖረ በወረቀት ላይ አስፍሩት። ሽማግሌው መካኒክ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ጠይቁት።