ከሞያሌ እስከ ሩንዳ፦ በኬንያ የመኖርና የመሥራት ጥቅም ከየት መጣ?

ናይሮቢ ውስጥ «እገሌ ተሳካለት» ሲባል ብዙ ጊዜ አብሮ የሚነሳው ሰፈር ሩንዳ ነው። ዛፍ የበዛበት፣ ግቢው ሰፊ፣ ጎረቤቱ ዲፕሎማትና ባለሀብት የሆነ ሰፈር። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችንም «ለመሆኑ ኬንያ ምን ጥቅም አለው? ልጁን እንላከው ወይ?» ይሉናል። መልሱን በታሪክ ብንፈልገው ይሻላል፤ ዛሬ የምንጠቀምበት ነገር ሁሉ የተጀመረበት ዘመን አለውና። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሩንዳ አፈር እንነሳ። ቤቶቹ ከመሠራታቸው በፊት ቦታው የቡና እርሻ ነበር። ቡና የእኛ ተክል ቢሆንም ኬንያ የገባው በሞያሌ በኩል አይደለም። በየመን ወጥቶ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶችን ዞሮ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፈረንሳይ ሚስዮናውያን እጅ ነው የደረሰው። የኬንያ ገበሬ ደግሞ እስከ 1930ዎቹ ድረስ በገዛ አገሩ ቡና እንዲተክል አይፈቀድለትም ነበር። ጉርብትና ብቻውን ንግድ አይሆንም፤ መንገድና ፈቃድ ይፈልጋል።

ትልቁ ጥቅም ሰላም ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1907፣ ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ስምምነት ተደረገ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ጆሞ ኬንያታ ለንደን ውስጥ ኢትዮጵያን ለመደገፍ በተቋቋመ ማኅበር ጸሐፊ ነበሩ። ከወረራው የሸሹ ወገኖቻችንም ኢሲዮሎ ካምፕ ውስጥ ተጠለሉ። ኬንያ በ1963 ነፃ ከወጣች በኋላ ሁለቱ መንግሥታት የመከላከያ ስምምነት ተፈራረሙ፤ በ1970 ደግሞ የድንበሩን ጉዳይ በውል ጨረሱ። ኢትዮጵያ ከሶማሊያና ከኤርትራ ጋር ጦርነት ገጥማለች፤ ከኬንያ ጋር ግን ተዋግታ አታውቅም። በ2018 ሞያሌ ላይ ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሸሹት ወደ ኬንያ ነው። ናይሮቢ መሐል ያለው ኃይለ ሥላሴ አቬኑም ይህን ወዳጅነት ያስታውሰናል።

ሁለተኛው ጥቅም ገበያው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ1972 ሲቋቋም ዋና መሥሪያ ቤቱ ናይሮቢ እንዲሆን ተወሰነ። ዛሬ ግቢው ጊጊሪ ነው፤ ከሩንዳ አጠገብ። የአሜሪካ ኤምባሲም ከ1998ቱ የቦምብ ጥቃት በኋላ ወደዚያው ተዛወረ። በደመወዝ የሚኖር፣ ቤት የሚከራይ፣ ምግብ ቤት የሚበላ፣ ቡና በጥሩ ዋጋ የሚገዛ ሰው በአንድ አካባቢ ተሰበሰበ። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ተሰደው የመጡ ብዙ ወገኖቻችን ኑሮን የጀመሩት ግን እዚያ አይደለም፤ ኢስሊ ነው፣ በጠባብ ክፍልና በትንሽ ሱቅ። ከኢስሊ እስከ ሩንዳ በመኪና ሩቅ አይደለም፤ በኑሮ ግን የአንድ ትውልድ መንገድ ነው።

ሦስተኛው መንገዱና ገንዘቡ ነው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልት ሳይነጠፍ በፊት ጉዞው ቀናት ይፈጅ ነበር፤ ሽፍታ ስለሚፈራም መኪናው በአጀብ ይሄዳል። አስፋልቱ በ2010ዎቹ ተጠናቀቀ። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር ኬላ ተመረቀ፤ ሐሳቡ መንገደኛውና ጭነቱ ሁለት ጊዜ በመቆም ፈንታ በአንድ ቦታ እንዲጨርሱ ነው። ኤምፔሳ በ2007 ሲጀመር ነጋዴው ጥሬ ገንዘብ በወገቡ አስሮ ከመጓዝ ዳነ። በ2023 አገልግሎቱ ኢትዮጵያም ገባ።

አሁን ለቤተሰብ ወደሚጠቅመው ነገር እንምጣ። እነዚህ ጥቅሞች ሁሉ በውልና በሕግ የመጡ ስለሆኑ የሚደርሱትም ወረቀት ላለው ሰው ነው። ኢትዮጵያዊ ኬንያን ለመጎብኘት ቪዛ አይጠየቅም፤ ይህ ግን የሥራ ፈቃድ አይደለም። የራሱን ንግድ ለሚከፍት የውጭ ዜጋ የሚሰጠው «ክላስ ጂ» የተባለው ፈቃድ ቢያንስ 100,000 የአሜሪካ ዶላር ካፒታል ማሳየት ይጠይቃል። ተቀጥሮ ለሚሠራ ደግሞ ሌላ ፈቃድ አለ። በ2010ሩ ሕገ መንግሥት መሠረት የውጭ ዜጋ መሬት የሚይዘው በሊዝ ብቻ ነው፤ ከ99 ዓመት አይበልጥም። ሩንዳም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ያው ሕገ መንግሥት ጥምር ዜግነት ይፈቅዳል፤ የእኛ አገር ሕግ ግን አይፈቅድም። ስለዚህ የኬንያን ፓስፖርት የሚወስድ ሰው የሚያጣውንም አስቀድሞ ይቁጠር።

ወረቀትም ሁልጊዜ አያስጥልም። በሚያዝያ 2014 ፖሊስ ኢስሊን ሲያስስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሶማሌዎች፣ ተይዘው ብዙዎቹ ካሳራኒ ስታዲየም ውስጥ ሲጣሩ ሰነበቱ፤ ከነሱ መካከል ሕጋዊ ሰነድ የያዙም ነበሩ። ያም ሆኖ ወረቀት ያለው ሰው ጠበቃ ሊያቆም፣ ፍርድ ቤት ሊከራከር ይችላል። ወረቀት የሌለው ግን የደላላ እጅ ላይ ነው። በደላላ ተመርተው በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዙ መንገድ ላይ ተይዘው እስር ቤት የገቡ የአገራችን ወጣቶች ብዙ ናቸው።

እንግዲህ «ልጁን እንላከው ወይ?» ለሚሉን ዘመዶቻችን መልሳችን ይህ ነው። ኬንያ ለሠራተኛ ሰው መልካም አገር ናት፤ ሰላሟን፣ ገበያዋንና መንገዷን አይተናል። ነገር ግን ለመንገዱ ከምታዋጡት ገንዘብ በፊት ለፈቃዱ የሚያስፈልገውን ጠይቁ። በምን ፈቃድ እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚቀጥረው፣ ፈቃዱ መቼ እንደሚታደስ ሳይታወቅ ልጁ ሞያሌን አይሻገር።