ሽቦ፣ ዲሽ፣ ስልክ፦ የቴሌኮምና የቴሌቪዥን ጉዞ በእንጦጦ ግርጌ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የተንሰራፋው የእንጦጦ ተራራ የኢትዮጵያን የመገናኛ ታሪክ ለመቃኘት የሚመች ከፍታ ነው። ፊትን ወደ ደቡብ ሲያዞሩ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ቀበና፣ የካ ሚካኤል፣ ሾላ፣ መገናኛ፣ ራቅ ብሎም ኮተቤ ይታያሉ። ከጀርባ የሱሉልታ ሜዳ አለ። ስልክ፣ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ሳተላይትና ኢንተርኔት ወደዚህ ከተማ የገቡት በየራሳቸው ዘመን፣ በየራሳቸው መሥሪያ ቤትና በየራሳቸው በጀት ነው። ዛሬ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄድ ታክሲ የተሳፈረ ወጣት ሁሉንም በአንድ መዳፉ ይዟቸዋል። የዚህ ቅኝት ጥያቄ ስለዚህ ታሪካዊም ወቅታዊም ነው፦ ስልክና ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ መቼ ተገናኙ፣ መቼ ተለያዩ፣ የቴሌኮም ኩባንያዎችስ ዛሬ በአንድ አገልግሎት ሊያስተሳስሯቸው የሚችሉት በምን መንገድ ነው?

መነሻው ቤተ መንግሥት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ሲጭኑ መልእክት የሚጓዘው በእግረኛና በፈረሰኛ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከተራራው ወደ ፍልውሃው አቅራቢያ ከወረደ በኋላ ዘመኑ ተቀየረ። ኢትዮ ቴሌኮም የልደት ዓመቱ አድርጎ የሚቆጥረው 1887 ዓ.ም.ን ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር የዚሁ ዘመን ታላቅ ሥራ ነበር። ስልክ ያኔ ማዕከሉ ጠረፉን የሚሰማበትና የሚያዝበት የመንግሥት መሣሪያ እንጂ በገበያ የሚሸጥ አገልግሎት አልነበረም። ይህ አጀማመር በኋላ የመጣውን ሁሉ ቀርጾታል፤ የቴሌኮም ሥራ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ከመንግሥት እጅ ሳይወጣ ኖሯል።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በአየር ሞገድ ነው። የጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ አቃቂ ላይ የተከለው የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ በ1928 ዓ.ም. መባቻ ሬዲዮ ማሰራጨት ጀመረ። የጣሊያን ወረራ ደጃፍ ላይ ነበር፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከዚያው ጣቢያ ለውጭው ዓለም ንግግር አሰሙ። እዚህ ላይ ልብ ይሏል፦ የግል መልእክትና የአደባባይ ስርጭት በመጀመሪያ ያደሩት በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። የተለያዩት ከነፃነት በኋላ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ስልኩን ያዘ፤ ስርጭቱ ለማስታወቂያ ሚኒስቴር ቀረ። ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በእንግሊዙ ቶምሰን ኩባንያ እገዛ፣ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ በተሰናዳ ስቱዲዮ ሥራ ሲጀምር የገባው ወደዚህ ሁለተኛው ቤት ነው። ስርጭቱ የምሽት ጥቂት ሰዓታት ብቻ፣ ክልሉም ዋና ከተማዋ ነበረች። ባጭሩ፣ በዘውዱ ዘመን ፍጻሜ ላይ ሁለት የመገናኛ ቤቶች ቆመው ነበር፤ አንዱ ያወራል፣ ሌላው ያስተላልፋል፤ በሁለቱ መካከል በር አልነበረም።

በሩ በጥቂቱ የተከፈተው ከእንጦጦ ጀርባ ነው። በ1970ዎቹ መባቻ ሱሉልታ ላይ ሥራ የጀመረው የሳተላይት መሬት ጣቢያ ኢትዮጵያን ከዓለም አቀፉ የኢንተልሳት መረብ ጋር አገናኘ። የውጭ ስልክ ጥሪና ከባሕር ማዶ የሚመጣ የቴሌቪዥን ምስል በአንድ ጣቢያ ማለፍ ቻሉ። ተመልካቹ ይህን አያውቅም ነበር፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ለታሪክ ግን ትርጉም አለው፤ ቴሌኮሙ የቴሌቪዥን ተሸካሚ ሆኖ ነበርና። ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ምስሉ በቀለም ሲመጣም የሁለቱ ቤቶች አወቃቀር አልተለወጠም።

ቀጣዩ መታጠፊያ ፈጥኖ መጣ። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም.፣ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ተጀመሩ። በእነዚሁ ዓመታት ተመልካቹ ራሱ የሳተላይት ጣቢያ ባለቤት ሆነ፤ ዲሽ በጣሪያ ላይ ሰቀለ። ዓረብሳትና ናይልሳት ቤት ገቡ፤ በ2000 ዓ.ም. ኢቢኤስ፣ በ2008 ዓ.ም. ቃና ተከተሉ። የውጭ ድራማን በአማርኛ ድምፅ ያቀረበው ቃና ብዙ ጸሐፍትንና ተዋንያንን ያስቆጣውን ያህል፣ ሰው ምሽቱን በምን እንደሚያሳልፍ የመወሰን ሥልጣን ከአንድ ጣቢያ እጅ መውጣቱን ያረጋገጠ ክስተት ነበር። ቴሌኮሙ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ የለበትም። ዲሹ በላዩ ላይ አልፎ ሄደ።

ከዚህ ዘመን ቆም ብሎ ሊመረመር የሚገባው ግን የወረዳ ኔትና የስኩል ኔት ጉዳይ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ብዙም ያልነኩት ምዕራፍ ይመስለኛል። በአውሮፓና በእስያ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ቴሌቪዥን በአንድ መስመር መሸጥ ሲጀምሩ ደንበኛው ቤተሰብ ነበር። በኢትዮጵያ ያንኑ ጥምረት መጀመሪያ ያገኙት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ናቸው። በ1990ዎቹ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በዘረጋው ወረዳ ኔት የወረዳ ሹም ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋር በቪዲዮ ይሰበሰባል፣ በኢንተርኔት ላይ በተሠራ ስልክ ያወራል፣ ሰነድ ይለዋወጣል። በስኩል ኔት በተገናኙት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሚያውቀው ነገር መጣ፤ በ1997 ዓ.ም. ገደማ የ9ኛና ከዚያ በላይ ክፍል ትምህርት በሳተላይት ተሠራጭቶ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይታይ ጀመር።

እዚህ ላይ ሁለት ትምህርቶች አሉ። አንደኛው የሕግ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ማሻሻያ አዋጅ በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍን ለግለሰብ ከልክሎ ነበር፤ መንግሥት በራሱ መረብ የሚሠራበትን ቴክኖሎጂ ዜጋው ቢነካው ያስቀጣው ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው የአጠቃቀም ነው። ፕላዝማው ፈጣን እንግሊዝኛ እየተናገረ ያልፍ ነበር፤ ተማሪው አቁም ማለት አይችልም፣ ድገም ማለት አይችልም፣ እጁን ቢያወጣ የሚያየው አልነበረም። ለክፍሉ መምህር የሚተርፈው የመግቢያና የማጠቃለያ ደቂቃ ነበር። መረቡ ለሁለት ወገን ንግግር የሚበቃ ሆኖ ሳለ አሠራሩ የአንድ ወገን ሆነ። ቴሌቪዥንን ከመገናኛ ጋር ማጣመር ማለት ምስሉን በቴሌኮም መስመር ማሳለፍ ብቻ ከሆነ የሚገኘው ውጤት ፕላዝማ ነው፤ ተመልካቹ መልስ የሚሰጥበት፣ የሚያቆምበትና የሚያስቀጥልበት አሠራር ሲኖር ነው ጥምረቱ ትርጉም የሚያገኘው።

ዓለም በዚያው ወቅት ምን ያደርግ ነበር? በፈረንሳይ ፍሪ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ፍሪቦክስ የተሰኘውን መሣሪያ አውጥቶ ኢንተርኔትን፣ ቆይቶም ስልክና ቴሌቪዥንን ጨምሮ በወር 29.99 ዩሮ አቀረበ፤ ሆንግ ኮንግም በማግሥቱ ዓመት በስልክ ሽቦ ቴሌቪዥን መሸጥ ጀመረች። የአሠራሩ ምሥጢር ቀላል ነው። በዲሽና በአንቴና ሁሉም ጣቢያዎች ሁልጊዜ ይዘንባሉ፤ በኢንተርኔት መስመር ግን የተፈለገው ጣቢያ ብቻ ይመጣል። አንድን የቀጥታ ጨዋታ ሺህ ቤቶች ቢከታተሉ ሺህ ቅጂ አይላክም፤ አንድ ቅጂ እስከ ሰፈሩ መገናኛ ሣጥን ይደርስና ከዚያ ይከፋፈላል፣ ልክ አንድ የውሃ መስመር እስከ ሰፈር ቦኖ ደርሶ በየእንስራው እንደሚቀዳው። በሞባይል ዳታ አንድ ፊልም ማየት ውድ የሚሆነው ይህ አሠራር ስለሌለ ነው፤ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት ወደ 2 ጊጋባይት ይበላል፣ ለእያንዳንዱ ተመልካችም ለብቻው ይላካል። ሌላም የሚጠቀስ ልምድ አለ። የአሜሪካው ኤቲ ኤንድ ቲ ፊልም ሠሪውን ታይም ዋርነር እ.ኤ.አ. በ2018 ከ80 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዝቶ፣ አራት ዓመት ሳይሞላ አሳልፎ ሰጠው። መስመር መዘርጋትና ድራማ መሥራት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሲመሠረት አስተዳደሩን የተረከበው የፈረንሳይ ቴሌኮም ኩባንያ ነበር፤ በሀገሩ ቴሌቪዥንን በስልክ መስመር የሚሸጥ ድርጅት። ያ ልምድ ግን ወደ አዲስ አበባ አልተሻገረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቋሚ የስልክ መስመር በመላ ሀገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን በታች ነበር፣ ረሃቡም የሞባይል ነበር። ከዜድቲኢና ከሁዋዌ ጋር በተፈረመው 1.6 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ውል፣ ቀጥሎም በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተጀመረው የ4ጂ አገልግሎት የኢትዮጵያ ምርጫ ለየ፦ ቪዲዮ ወደ ሕዝቡ የሚመጣው በአየር፣ ማሳያውም የእጅ ስልክ ሆነ።

2012 ዓ.ም. በእንጦጦ ሰማይ ላይ ሁለት ነገሮች የገጠሙበት ዓመት ነው። በኅዳር ወር አካባቢ የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ከሳተላይት ኩባንያው ኤስኢኤስ ጋር ኢትዮሳት የተሰኘውን የቴሌቪዥን መድረክ አስጀመረ፤ በታኅሣሥ 10 ደግሞ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ከቻይና ተወነጨፈች። የዚህች ሳተላይት መቆጣጠሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ እንጦጦ የጠፈር ምርምር ማዕከል ነበር። መሬትን የምትቃኝ ነበረች እንጂ ቴሌቪዥን አታስተላልፍም ነበር፤ ቴሌቪዥኑ በኪራይ ሳተላይት ላይ ቀረ። ኢትዮሳት ግን በየካ ሰፈሮች ሳይቀር የሚታይ ለውጥ አምጥቷል። ናይልሳትን ለማየት ወደ ምዕራብ ያዘነበለው ዲሽ፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለችው ሳተላይት፣ ኤንኤስኤስ 12፣ ዞረ። የዲሽ ባለሙያዎች ከጣሪያ ጣሪያ የዞሩበት ወቅት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሩጫ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ ቴሌብር በግንቦት 2013፣ 5ጂ በሙከራ ደረጃ በግንቦት 2014፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በመስከረም 2015 ሥራ ጀመሩ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. ወደ ክፍያ ቴሌቪዥኑ ዲኤስቲቪ ሄደ። ፋይበር ወደ ኮንዶሚኒየሞችና ወደ አዳዲስ ሕንፃዎች ይገባል፤ ዌብስፕሪክስን የመሰሉ ኩባንያዎች በኢንተርኔት የሚመጣ ቴሌቪዥን ያቀርባሉ። አያት፣ ሲኤምሲና የካ አባዶን ያለፈ ሰው በረንዳዎቹን የሸፈኑትን ዲሾች አይዘነጋም። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ሳሎን ውስጥ እናት በዲሽ ዜና ያያሉ፣ ልጅ በዩቲዩብ ያመለጠውን ድራማ ይከታተላል፣ ሌላው በቴሌግራም ፊልም ያወርዳል። ሦስት ማሳያ፣ ሦስት ምንጭ፣ ሦስት ክፍያ። ጥምረቱ በተግባር ተፈጽሟል፤ የፈጸሙት ግን የሀገር ውስጥ ኩባንያዎች አይደሉም።

ይህ ሁሉ ሲደመር የኢትዮጵያ ቴሌኮም ኩባንያዎች ምን በእጃቸው እንዳለ መገመት አያዳግትም። የመጀመሪያው ሀብት ስልክ ቁጥር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከ70 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት፤ ቁጥሩ የቴሌቪዥን መግቢያም ቢሆን አንድ ቤተሰብ በአንድ አካውንት ሳሎን የጀመረውን ፕሮግራም ታክሲ ውስጥ በስልክ፣ ማታ በላፕቶፕ መቀጠል ይችላል። ሁለተኛው ክፍያ ነው፤ ቴሌብርና የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳ ለወር ሙሉ መክፈል የሚከብደውን ሰው ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ጨዋታ እንዲከፍል ያስችላሉ። ሦስተኛው ጥሪ ነው፤ ኮተቤ ያለች አያት ዋሽንግተን ያለ የልጅ ልጇን በስልክ ጠባብ መስታወት ሳይሆን በቴሌቪዥኑ ማየት የምትችልበት አገልግሎት ከማንኛውም የፊልም ጥቅል ይልቅ በዲያስፖራ ቤተሰቦች ዘንድ ገዢ ያገኛል ብዬ አምናለሁ። መብራት ሲጠፋም ያው ጥሪ ወደ ስልኩ መሸጋገር አለበት፤ ይህን ያላሰበ አገልግሎት ለአዲስ አበባ አልተሠራም።

የቀረው እንቅፋት የቆየው የሁለት ቤት ታሪክ ነው። የቴሌኮሙ ገበያ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 በኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይመራል፤ ስርጭቱ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ሥር ነው። በአንድ ሣጥን ስልክም ቴሌቪዥንም የሚያቀርብ ኩባንያ የሁለቱንም ደጅ ይጠናል። ሁለቱ ባለሥልጣናት ለጥምር አገልግሎት አንድ የጋራ መመሪያና አንድ የፈቃድ መስኮት ቢያበጁ፣ ኩባንያዎቹም ጣቢያ ከመክፈት ይልቅ ኢትዮሳት ላይ ያሉትን ጣቢያዎች በፋይበርና በስልክ ለማቅረብ ከባለመብቶቹ ጋር ቢዋዋሉ፣ መጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው ቦታ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች በአንድ ግቢ የሚገኙበት የየካና የአካባቢው ኮንዶሚኒየም ነው።